ጦሳን ለልጆቻችን እናሳያቸው

እንደምን አደራችሁ? አሰላሙ ዐለይኩም።

የተከበራችሁ ወላጆች፣ የሥራ ባልደረቦቼ፣ ከኮምቦልቻና ከሐይቅ የመጣችሁ እንግዶቻችን፣

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ሽርሽር ነው። ቀላል ነገር ይመስላል። ለእኔ ግን ቀላል አይደለም።

በቀደም ክፍል ውስጥ "ጦሳን የወጣ እጁን ያንሳ" አልኩ። ጥቂት እጆች ብቻ ተነሡ። የደሴያችን ተራራ ጦሳ እኮ በመስኮታችን ይታያል! አንዷ ተማሪ ቀስ ብላ "ቲቸር፣ እዚያ ተኩስ አለ አይደል?" አለችኝ። በ2014 ጦርነቱ ደሴ ሲገባ ገና ትንሽ ልጅ ነበረች። ተራራውን የምታውቀው በድምፅ ነው። ያን ቀን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ልጆቻችን ይህን አገር በሌላ ነገር ሊያውቁት ይገባል።

ከጦሳ እንጀምር። በጠዋት ውጡ፤ ጉሙ ከተመለሰ ምንም አይታይም። ደሴ ራሷ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ከኮምቦልቻ የሐረጎን ዳገት ተጠማዝዞ የመጣ ልጅ ወደ 600 ሜትር ወጥቷል ማለት ነው፤ ቶሎ ቢደክመው አትቆጡት። አረፍ እያላችሁ፣ ዳቦ ቆሎ እየቆረጠማችሁ ውጡ።

እኔ ልጄን ይዤው ስወጣ ከላይ ሆኖ ቤታችንን ካላገኘሁ አልወርድም አለ። መጀመሪያ የመስጊዱን ሚናራ አየ። ከዚያ የቤተ ክርስቲያኑን ጉልላት። ከዚያ መንገዱን በጣቱ እየተከተለ ሄዶ ሄዶ ጣሪያችን ላይ ያለችውን ጥቁር ሮቶ አገኛት። "አባዬ፣ የኛ ናት! የኛ ናት!" ብሎ ሲጮህ እንባዬ መጣ። ተኩስ የሰማው እሱም ነበር።

ሐይቅ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ደርሶ መልስ ይቻላል። ዳር ላይ ቁጭ ብሎ ትኩስ አሳ መብላት ለልጅ በዓል ነው። ሐይቅ እስጢፋኖስን ስታስቡ ግን አንድ ነገር አስቀድማችሁ ንገሯቸው፤ ወንዶች ገዳም ስለሆነ ሴቶች አይገቡም። እኔ ሳልነግራት ወስጃት ልጄ በር ላይ አልቅሳለች። የእኔ ጥፋት ነው። በኋላ ውሃው ዳር ተቀምጠን፣ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አቡነ ኢየሱስ ሞዓ እዚያ ስንቱን ተማሪ እንዳፈሩ ተረክሁላት። ረጋ አለች።

ጀልባ ላይ ስንወጣ የሰጧት ላይፍ ጃኬት ጉልበቷ ድረስ ይደርስ ነበር። ጀልባ ያላችሁ ወንድሞቼ፣ እባካችሁ የልጅ ልክ ግዙ። በዚህ ላይ ቀልድ የለም።

ከፍ ከፍ ላሉት ልጆች ደግሞ ውጫሌ አለ። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ከጣልያን ጋር የውጫሌ ውል የተፈረመው እዚሁ አምባሰል፣ ይስማ ንጉሥ ነው። እዚያው ቦታው ላይ አቁማችሁ ስለ አንቀጽ 17 ንገሯቸው። ምኒልክ ከሌሎች መንግሥታት ጋር በጣልያን በኩል መነጋገር አማርኛው "ይቻላቸዋል" ይላል። ጣልያንኛው ግዴታ አደረገው። በአንድ ቃል ሰበብ እስከ ዓድዋ ተኬደ። እንዲህ ያለውን ነገር ልጅ መጽሐፍ ላይ ይረሳዋል፤ ቆሞ የሰማውን ግን አይረሳም።

ከተማ ውስጥ ደግሞ ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት አይጠየፍ አዳራሽ አለላችሁ። ስሙን ብቻ ለልጅ ማስረዳት ግማሽ ቀን ይፈጃል።

ሆቴል ላላችሁም አንድ ነገር ልበል። ወደ ላሊበላ የሚያልፈው መንገደኛ እኛ ጋ አድሮ በሌሊት ይነሣል። ልጆች የያዘ ሰው ሁለተኛ ቀን እንዲያድር ቤተሰብ የሚይዝ ክፍልና የልጆች ምግብ ይፈልጋል። ጦሳ መውጫ ላይም መቀመጫና ንጹሕ ሽንት ቤት ያስፈልጋል። እኛ የራሳችንን ልጆች ይዘን ካልወጣን ግን ይህን ማን ይጠይቃል? የሚጎድለውን የሚያውቀው የሄደበት ነው።

ስለዚህ ቅዳሜ እንወጣለን። ያቺ ተማሪዬም ከእናቷ ጋር ትመጣለች። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ትምህርት ቤታችን በር ላይ እንገናኝ። ጋቢ እንዳትረሱ፤ ጥቅምት ነው፣ ላይ ይበርዳል።