አንድ ኮድ ለደሴም ለኮምቦልቻም፦ ሴቲንግን ከኮድ ማውጣት

[ስክሪን፦ ሁለት ላፕቶፕ። አንዱ ላይ «ደሴ»፣ ሌላው ላይ «ኮምቦልቻ»]

ተራኪ፦ ደሴ ፒያሳ ላለ ሱቅ የሽያጭ አፕ ሠራችሁ እንበል። ባለሱቁ ወደደው። ለኮምቦልቻው ቅርንጫፍም ፈለገው። ኮዱ ያው ነው። የሚለያየው የዳታቤዙ አድራሻ፣ ፓስወርዱና ደረሰኙ ላይ የሚወጣው የቅርንጫፍ ስም ነው። እነዚህን ኮዱ ውስጥ ጽፋችኋቸው ከሆነ፣ ኮዱን ኮፒ አድርጋችሁ ሁለት ቦታ መጠገን ልትጀምሩ ነው። ደሴ ላይ ያስተካከላችሁት ስህተት ኮምቦልቻ ላይ እንዳለ ይቀራል።

ስለዚህ እንደየቦታው የሚለያየው ሁሉ ከኮዱ ይውጣ። ቫቱስ? 15 በመቶው ለሁለቱም አንድ ነው፤ ኮዱ ውስጥ አንድ ቦታ ላይ ቢቀመጥ ችግር የለውም።

[ስክሪን፦ የዶት ኢኤንቪ ፋይል]

ከኮዱ የወጣው ሴቲንግ «ዶት ኢኤንቪ» በሚባል፣ በየመስመሩ አንድ ስምና ዋጋው በሚጻፍበት ፋይል ውስጥ ይቀመጣል። በፓይተን ለምትሠሩ «ፓይተን ዶትኢኤንቪ» የምትባል ትንሽ ላይብረሪ አለች። ፋይሉን አንብባ እያንዳንዱን መስመር የኢንቫይሮመንት ቫሪያብል፣ ማለትም አፑ ከኮዱ ውጭ የሚያነበው ስም ያለው ዋጋ፣ ታደርገዋለች። ደስ የምትለኝ በዚህ ነው፦ ማሽኑ ላይ ቀድሞ የተሞላ ዋጋ ካገኘች፣ ካላዘዛችኋት በቀር አትነካውም። ላፕቶፓችሁ ላይ ከፋይሉ ይነበባል፤ ሰርቨሩ ላይ የተሞላው ደግሞ እንዳለ ይሠራል።

አሁን ብዙ ሰው የሚሸወድበት ቦታ ደረስን። ረጋ ብለን እንየው። ከኢንቫይሮመንት የሚመጣው ሁሉ ጽሑፍ ነው። ቁጥርም ቢሆን ጽሑፍ ሆኖ ይመጣል። ዲበግን፣ ማለትም ስህተት ሲፈጠር ዝርዝሩን የሚያሳየውን ሴቲንግ፣ ለማጥፋት ፋይሉ ላይ «ፎልስ» (ሐሰት) ብትሉ፣ ፓይተን የሚያየው አንድ ቃል ነው። ባዶ ያልሆነ ጽሑፍ ደግሞ ለፓይተን እውነት ነው። እውነት ወይም ሐሰት ብሎ የሚመልሰው «ቡል» ውስጥ ብታስገቡትም መልሱ «ትሩ» (እውነት) ይሆናል። ጃንጎ በሚባለው የፓይተን ዌብ ፍሬምወርክ የምትሠሩ ከሆነ፣ ያጠፋችሁት ዲበግ በርቶ ስህተት ሲፈጠር ኮዳችሁን ለማንም ያሳያል።

[ስክሪን፦ «ሴቲንግስ» የሚል አንድ የፓይተን ፋይል]

መፍትሔው ሴቲንጉን ሁሉ አንድ ፋይል ውስጥ፣ አፑ ሲነሳ አንዴ ማንበብ ነው። የዲበጉን ቃል ራሳችሁ «ትሩ» ከሚለው ጽሑፍ ጋር አነጻጽራችሁ፣ እዚያው ወደ እውነት ወይም ሐሰት ቀይሩት። ፓስወርዱ ከጠፋ አፑ አይነሳ፤ የጎደለውንም በስሙ ይናገር። በገበያ ቀን ሱቁ ሰው ሞልቶት ከሚቆም፣ ጠዋት ሲከፈት ቢቆም ይሻላል። «ፓይዳንቲክ ሴቲንግስ» የሚባለው ላይብረሪ ይህን ማጣራት ይሠራላችኋል። ለሁለት ሱቅ ግን በእጅ የተጻፈ ጥቂት መስመር ይበቃል ባይ ነኝ።

[ስክሪን፦ የጊትኢግኖር ፋይል]

የዶት ኢኤንቪ ፋይሉን ስም ጊትኢግኖር ውስጥ፣ ማለትም የኮድ ለውጥ መመዝገቢያው ጊት እንዲተዋቸው የምትፈልጓቸው ፋይሎች በሚዘረዘሩበት ፋይል ውስጥ፣ አስገቡት። አንዴ ኮድ በሚጋራበት ድረ ገጽ፣ ጊትሃብ ላይ ወጥቶ ከሆነ፣ ብታጠፉትም የጊት ታሪክ ውስጥ ይቀራል። አብሽሩ፣ ግን ፓስወርዱን ራሱን ዛሬውኑ ቀይሩት። አብሯችሁ ለሚሠራው ደግሞ ስሞቹ ብቻ ያሉበት፣ ዋጋቸው ባዶ የሆነ ናሙና ፋይል ጊት ላይ ተዉለት።