ማዘልም ይማሩታል እንዴ?

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ከረማችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም። ሻይዬን ይዤ ብቻዬን ላወራችሁ ነው።

ሰው ሥራሽ ምንድን ነው ሲለኝ «ልጅ ማዘል አስተምራለሁ» እላለሁ። ሐበሻ ከሆነ ይስቃል። «ማዘልም ይማሩታል እንዴ?» ጀርመን ከሆነ ዋጋውን ይጠይቃል። እዚህ ፍራንክፈርት የታወቀ ሙያ ነው። ድሬስደን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1998 የተቋቋመ፣ የማዘል አማካሪዎችን የሚያሠለጥን ትምህርት ቤት አለ። ሌሎችም ኮርሶች አሉ። ትማራላችሁ፣ የምስክር ወረቀት ትይዛላችሁ፣ ከዚያ አራስ ቤት ድረስ ሄዳችሁ ታሳያላችሁ።

የሐበሻው ሳቅ ይገባኛል። ሁላችንም ጀርባ ላይ ነው ያደግነው። አያቶቻችን ዛጎልና ዶቃ በተሰፋበት የቆዳ አንቀልባ፣ እናቶቻችን በነጠላ ወይም በፎጣ አዝለውናል። በነገራችን ላይ አዲስ አበባ ላይ ነገሩ ትንሽ ተቀይሯል። በነጠላ ማዘል የሞግዚት ሥራ ሆኗል፣ እናትየው ጋሪ ትገፋለች። ያቺው እናት ግን ባለ ማሰሪያውን የፈረንጅ ማዘያ ውድ ዋጋ ከፍላ ትገዛለች። እኔ አልፈርድም፤ ዋናው መታዘሉ ነው።

ኮርሱ ላይ መጀመሪያ የሚሰጣችሁ አሻንጉሊት ነው። ተራ አሻንጉሊት እንዳይመስላችሁ። የአራስ ልጅ ክብደት አለው፣ አንገቱ ካልያዛችሁት ይወድቃል። ከዚያ ርዝመቱ አራት ሜትር ከስድሳ የሆነ ጨርቅ ይሰጣችኋል። መሀሉን ደረት ላይ፣ ጫፎቹን ወደ ኋላ፣ ጀርባ ላይ ማጣመር፣ በትከሻ ማምጣት፣ ከልጁ መቀመጫ ሥር አሳልፎ መቋጠር። ስናገረው ቀላል ይመስላል። ጨርቁ ግን መሬት ይጎትታል፣ ይጠማዘዛል፣ አንዱ ጎን ጠብቆ ሌላው ይላላል። ጥበቡ ያለው የላላውን ማጥበቅ ላይ ነው። ጨርቁን በጅምላ ብትስቡት ጠርዙ ብቻ ይጠብቃል፣ መሀሉ እንደላላ ይቀራል። ስለዚህ በጣታችሁ ትንሽ ትንሽ እየቆነጠራችሁ፣ ከላይኛው ጠርዝ እስከ ታችኛው፣ እጥፍ በእጥፍ ትስባላችሁ። ባለ ቀለበቱ ማዘያም ያው ነው፤ ጨርቁ በሁለቱ ቀለበቶች መካከል ተዘርግቶ ካልገባ አይጠብቅም።

ይኼን እጅ ይለምደዋል። ከባዱ ማስተማሩ ነው። የአሠልጣኛችን ሕግ አንድ ነበር፦ እጅሽን ሰብስቢ። አስተማሪዋ በራሷ አሻንጉሊት ታሳያለች፣ እናትየው በራሷ ልጅ ታደርጋለች። ሳይፈቀድልሽ ልጁን አትነኪም፣ ጨርቁንም አትስቢላትም። እኔ ደግሞ የኛ ሰው ነኝ። ሰው ሲቸገር እያየሁ እጄን ማጣጠፍ ያመኛል። ግን እኔ ያሰርኩላት ማዘያ እኔ ወጥቼ ስሄድ ይፈታል። ማታ ልጁ ሲያለቅስ የምታስረው እሷ ናት።

አንድ ጊዜ አንዲት ሐበሻ እናት ዘንድ ሄድኩ። ልጁ አምስተኛ ወሩን ይዟል፣ አንገቱ ጸንቷል። እናቷ ለአራስ ጥየቃ ከአዲስ አበባ መጥተው ገና አልተመለሱም። ሶፋው ጥግ ቁጭ ብለው ጨርቄን ስዘረጋ ያዩኛል። «ይኼ ሁሉ ጨርቅ ለአንድ ልጅ ነው? ድንኳን ልትተክሉ ነው?» አሉ። ሳቅን። «እማማ፣ እስቲ እርስዎ ያሳዩን» አልኳቸው።

ነጠላቸውን አወረዱ። ጎንበስ አሉ። ልጁን በአንድ እጃቸው ወደ ጀርባቸው አንሸራተቱት፣ ነጠላውን ጣል አደረጉበት፣ አንዱን ጫፍ በትከሻ፣ ሌላውን በብብት ሥር አምጥተው ደረታቸው ላይ ቋጠሩት። ከዚያ ያቺን ነገር አደረጉ። ታውቋታላችሁ አይደል? ቀና ከማለታቸው በፊት ከወገባቸው እንጣጥ አድርገው ከፍ አደረጉት። ልጁ ወደ ጨርቁ ገባ፣ መቀመጫው ወረደ፣ ጉልበቶቹ ወጡ፣ ጀርባው ጎበጥ አለ። ኮርሱ ላይ በሥዕል ሲያስረዱን የነበረው አቀማመጥ ቁጭ ብሎ አየሁት። ልጁ ወዲያው ዝም አለ።

«እማማ፣ ቀስ ብለው ይንገሩን፤ እንዴት ነው?»

«እንዲህ ነዋ!»

«እንዲህ ማለት?»

«እንዲህ ነዋ ልጄ! አላየሽም?»

ልጅቷ ልትሞክር ተነሳች። የእማማ እጅ ቀደማት። «ተዪ፣ እኔ ላድርግልሽ።» «እማዬ፣ ተይኝ እስቲ፣ እኔ ላድርገው!» መሀል ገባሁና እማማን ከልጃቸው ጀርባ አቆምኳቸው። እጅዎን ከልጁ ሥር ብቻ ያድርጉ፣ ቢንሸራተት ይይዙታል አልኳቸው። አገር ቤትም እኮ ሴት ብቻዋን አታዝልም። «እስቲ አሳዝዪኝ» ትላለች፣ ጎረቤት ወይ እህት ከኋላ መጥታ ትደግፋለች፣ ነጠላውን ታስተካክላለች።

እግረ መንገዴን ጠየቅኳቸው፦ «እማማ፣ አራስ ልጅ ጀርባ ላይ ያዝላሉ?» ደነገጡ። «እንዴ! አንገቱ ሳይጸና!» ልጅቷ ዞር ብላ አየቻቸው። ይኼን ነግረዋት አያውቁም። ማን ጠይቋቸው? ሰፈር ውስጥ ብትሳሳት የሚጮህባት ስለማይጠፋ መነገር አላስፈለገውም። ነጠላው በሻንጣ ይመጣል። ከኋላ ቆማ የምትጮኸዋ ሴት ግን ቪዛ ያስፈልጋታል። እኔ የሚከፈለኝ በእሷ ቦታ ለመቆም ነው።

መቆሙ ለቀልድ አይደለም። የአሜሪካ የሸማቾች ምርቶች ደህንነት ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2010 ማስጠንቀቂያ አወጣ። በ20 ዓመት ውስጥ በትከሻ ከሚንጠለጠል የጨርቅ ማዘያ ጋር በተያያዘ ቢያንስ 14 ሕፃናት ሞተዋል፤ 12ቱ አራት ወር ያልሞላቸው ናቸው። ምክንያቱ ትንፋሽ ነው። ጨርቅ አፍንጫ ላይ ይተኛል፣ ወይም ልጁ ተጣጥፎ አገጩ ደረቱ ላይ ይወድቅና የአየር መንገዱ ይጠባል። አራስ ልጅ አንገቱን ቀና ማድረግ አይችልም፣ ሲታፈንም ድምፅ ላያሰማ ይችላል። ስለዚህ ትንሽ ልጅ ከፊት፣ ቀጥ ብሎ፣ ጎንበስ ስትሉ ግንባሩን መሳም የምትችሉበት ከፍታ ላይ ይሁን። በአገጩና በደረቱ መካከል ጣት ይግባ። ፊቱ ሁልጊዜ ይታያችሁ። የኛ ሰው ነጠላ ፊት ላይ መጣል ይወዳል፣ ለፀሐይ፣ ለአቧራ፣ ለሰው ዓይን። የሰው ዓይን ከፈራችሁ እናንተ ዙሩ እንጂ የልጁን ፊት አትሸፍኑ።

ሌላው የማይቀር ጥያቄ «እግሩ አይወላገድም ወይ?» የሚለው ነው። አይወላገድም። የጨቅላ ልጅ የዳሌ መገጣጠሚያ ገና ለስላሳ ነው። ጭኖቹ ተከፍተው፣ ጉልበቱ ከመቀመጫው ከፍ ብሎ ሲቀመጥ የጭኑ አጥንት ጫፍ ጎድጓዳው ውስጥ በደንብ ይገባል። የሚያሰጋው እግሩን ቀጥ አድርጎ አጥብቆ መጠቅለሉ ነው። ይኼን ለአያቶች ስናገር ፊታቸው ይከፋል፤ እግር ሲያሹና ሲያቃኑ ነው የኖሩት። እኔም ቀስ እላለሁ።

ፈረንጆቹ ከየት አመጡት ለምትሉ፦ አን ሙር የምትባል አሜሪካዊት ነርስ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በፒስ ኮር፣ በአሜሪካ በጎ ፈቃደኞች ድርጅት፣ ቶጎ ሄዳ እናቶች ልጅ ሲያዝሉ አየች። አገሯ ተመልሳ በ1969 ስናግሊ የተባለውን ማዘያ በስሟ አስመዘገበች። ጀርመን ደግሞ ኤሪካ ሆፍማን መንታ ወልዳ በሜክሲኮ ጨርቅ ታዝላቸው ነበር፤ በ1972 ዲዲሞስ የተባለውን የማዘያ ኩባንያ አቋቋመች። የቶጎ እናቶች ምን አገኙ ብላችሁ አትጠይቁኝ። ይከነክነኛል፣ ግን ጨርቁ ጥሩ ጨርቅ ነው።

ብታዝዪው ለቅሶ ያቆማል እያልኩ ግን አልሸጥም። እ.ኤ.አ. በ1986 የታተመ የካናዳ ጥናት ብዙ የታቀፉ ልጆች በስድስተኛ ሳምንታቸው 43 በመቶ ያነሰ እንዳለቀሱ አሳይቷል። ኋላ በሆድ ቁርጠት በሚያለቅሱ ልጆች ላይ ሲሞከር ግን ማቀፉ ለውጥ አላመጣም። ስለዚህ ሲያለቅስባችሁ አስተሳሰሬ ነው ብላችሁ ራሳችሁን አትውቀሱ። እጃችሁ ነፃ ነው፣ ሽንኩርቱን ከትፉ። እ... ቢላዋውን ተዉት፣ ሳህን እጠቡ። ምድጃም ጋ አትቅረቡ።

አባቶች እየመጡ ነው፣ እሱ ደስ ይለኛል። አንዱ «በነጠላ አላዝልም፣ ያ ባለ ማሰሪያው ጥቁሩ ይሁንልኝ» አለኝ። ይሁንልህ!

ብርዱ እየመጣ ስለሆነ አንድ ነገር ብዬ ልሰናበታችሁ። ልጁን ወፍራም ጃኬት አልብሳችሁ አትዘሉት። ጃኬቱ ይጨማደድና ማዘያው የጠበቀ ያስመስለዋል፣ አንገቱ ሥርም ይከመራል። ቤት ውስጥ በሚለብሰው ልብስ እዘሉት፣ እግሩ ላይ ካልሲ ጨምሩ፣ ኮታችሁን ከላይ ደርቡ። ሞቆት እንደሆነ ማጅራቱን ዳሱት፤ ላብ ካለው አንድ ልብስ ቀንሱለት። በሉ፣ ደህና ሁኑ።