ፋይሉ ላይ «ግልፍተኛ» ብለን አንዝጋው

የተከበራችሁ የትምህርት ቤት አማካሪዎች፣ መምህራንና ርዕሳነ መምህራን፤

ጠባይን ከተፈጥሮ የሚያያይዘውን ባዮሎጂያዊውን፣ ከሽልማትና ከቅጣት የሚያያይዘውን ባህርያዊውንና ከአስተሳሰብ የሚያያይዘውን ኮግኒቲቩን የስብዕና ንድፈ ሐሳብ በየኮሌጁ ስለተማራችሁት ትርጓሜ አልደግምላችሁም። ዛሬ የምናገረው የተማሪ ፋይል ላይ ስለምንጽፈው ነገር ነው። «ረባሽ»፤ «ግልፍተኛ»፤ «ዓይን አፋር»። አንድ ቃል ይጻፋል፣ ፋይሉ ይዘጋል፣ ልጁም ያንን ተሸክሞ ከክፍል ክፍል ይዛወራል።

«ዘር ከልጓም ይስባል» እየተባልን ስላደግን ባዮሎጂው ቶሎ ይዋጥልናል። የመንትዮች ጥናቶች በሰዎች መካከል ካለው የስብዕና ልዩነት 40 እስከ 50 በመቶ ገደማው ከዘር ውርስ ጋር እንደሚያያዝ ያሳያሉ፤ አልክድም። ነገር ግን ይህ ቁጥር የሚናገረው በብዙ ሰዎች መካከል ስላለ ልዩነት ነው። ፊታችን የተቀመጠው ልጅ ጠባይ ግማሹ ከአባቱ፣ ግማሹ ከአስተዳደጉ ተብሎ አይከፈልም። ቁጥሩን ይዞ «አባቱም እንዲሁ ነበር» ብሎ ልጅን ማሰናበት ሳይንስ አይደለም፤ ሥራን መሸሽ ነው!

የሥነ ልቦና ተመራማሪው ዋልተር ሚሸል እ.ኤ.አ. በ1968 የስብዕና መለኪያ ውጤትና ሰው በአንድ የተወሰነ ሁኔታ የሚያደርገው ነገር ያላቸው ዝምድና (ፍጹሙ ዝምድና 1 ሲሆን) ብዙ ጊዜ ከ0.30 እንደማያልፍ ጽፎ ሙያውን አናወጠው። ቆይቶ ከዩይቺ ሾዳና ከጃክ ራይት ጋር በአሜሪካ፣ ኒው ሃምፕሻየር፣ በአንድ የልጆች የክረምት ካምፕ የሠራውን ጥናት ግን ረጋ ብለን እንየው፤ ለእኛ ሥራ የዚህን ያህል የሚቀርብ አላውቅም። ልጆቹ የጠባይ ችግር አለባቸው ተብለው የመጡ ናቸው። ተመልካቾች ስድስት ሳምንት አብረዋቸው እየዋሉ መዘገቡ። ስንት ጊዜ እንደተሳደቡና እንደዛቱ ቆጥረው ብቻ አልተዉትም፤ ከዚያ በፊት የሆነውን በአምስት ለዩት፦ እኩያ ሲያሾፍበት፣ እኩያ በወዳጅነት ሲቀርበው፣ አዋቂ ሲያመሰግነው፣ አዋቂ ሲያስጠነቅቀው፣ አዋቂ ሲቀጣው። በድምሩ እኩል ጠበኛ የሚመስሉ ልጆች በዚህ መዝገብ ላይ ተለያዩ። አንዱ የሚነድደው አዋቂ ሲያስጠነቅቀው ነው። ሌላው የሚቆጣው እኩያ ልጅ ሊጫወት ሲቀርበው ነው። ይህም የአንድ ቀን አጋጣሚ ሳይሆን እየተደጋገመ የታየ የየልጁ መልክ ነበር። እኛ ግን ለሁለቱም «ግልፍተኛ» ብለን እንጽፋለን፤ ለሁለቱም አንድ ማስጠንቀቂያ እንሰጣለን! ለመጀመሪያው ልጅ ማስጠንቀቂያው ራሱ ክብሪት መሆኑን ማን መዘገበ?

ስለዚህ ቢያንስ ሁለት ሳምንት በአራት ዓምድ መዝግቡ፦ ምን ቀደመ፣ ልጁ ምን አደረገ፣ ምን ተከተለ፣ ልጁ ነገሩን እንዴት ተረዳው። «ረበሸ» አይበቃም፤ «የጎኑን ልጅ ደብተር ነጠቀ» ብላችሁ፣ ሰዓቱንና የትምህርት ዓይነቱን ጨምራችሁ ጻፉ። ሦስተኛው ዓምድ የባህርያዊው ንድፈ ሐሳብ ሊቅ የስኪነር ነው፤ ብዙ የሚበላሸውም እዚያ ነው። ሒሳብ የሚያስጠላውን ልጅ በረበሸ ቁጥር ከሒሳብ ክፍል ካስወጣነው፣ ቀጣነው ያልነው ሸልመነዋል። ትኩረት ለማግኘት የሚጮኸውን ልጅ ዝም ለማለት ከወሰናችሁ ደግሞ ጩኸቱ ከመቀነሱ በፊት እንደሚብስ ከወዲሁ ለመምህሩ ንገሩት። ሳይነገረው የቀረ መምህር በሦስተኛው ቀን ታክቶት ዞር ይላል፤ ልጁም በርትቶ መጮህ እንደሚያዋጣ ይማራል። አንዳንዴ ብቻ የሚሸለም ልማድ ሁልጊዜ ከሚሸለመው ይልቅ ለመንቀል ያስቸግራልና፣ የተጀመረው እስከ መጨረሻው ካልተያዘ ባይጀመር ይሻላል።

አራተኛው ዓምድ ኮግኒቲቩ ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪው አልበርት ባንዱራ እ.ኤ.አ. በ1965 አሻንጉሊት የሚደበድብ ሰው በፊልም ለልጆች አሳየ። ሰውዬው ሲቀጣ ያዩት ልጆች የቀዱት ድርጊት ከሌሎቹ ልጆች ያነሰ ነበር። ያዩትን ለሚያሳይ ሽልማት አለ ሲባል ግን ልዩነቱ ጠፋ። ሁሉም ተምረውት ኖሯል። ጸጥ ያለ ልጅ አልተማረም ማለት አይደለም፤ ምን እንደሚያስብ ጠይቁት፣ መልሱንም በራሱ አነጋገር ጻፉት።

ርዕሳነ መምህራን፤ ለእናንተ አንድ ጥያቄ አለኝ። በየትምህርት ቤታችሁ የተማሪ ፋይል ላይ «ጠባይ» የሚለው ቦታ አንዲት መስመር ናት። ለቀጣዩ ዓመት ቅጹ ከመታተሙ በፊት ያቺን መስመር አንሱና አራቱን ዓምዶች አስገቡልን። አመሰግናለሁ።