ከመቶው ስንት ተረፈ?

እንደምን አደራችሁ፣ የደብረ ብርሃን ወጣቶች! ከሸዋ ሮቢትና ከመሐል ሜዳ የመጣችሁም እንኳን ደህና መጣችሁ። በዚህ ብርድ በጠዋት ተነስታችሁ በመምጣታችሁ ደስ ብሎኛል።

እኔ የሂሳብ ሰው ነኝ። ዛሬ ግን የማወራችሁ ስለ ጌም ነው። ከመካከላችሁ ጌም ቤት የከፈታችሁ፣ ለመክፈት የምታስቡም እንዳላችሁ አውቃለሁ።

የወንድሜ ልጅ እዚሁ ከተማ ጌም ቤት አለው። ሁለት ቲቪ፣ ሁለት ያገለገሉ ፕሌይስቴሽን 4፣ አንድ ረጅም አግዳሚ። ባለፈው ክረምት “ሥራ እንዴት ነው?” አልኩት። “አሪፍ ነው ጋሼ፣ ቤቱ ሁሌ ሙሉ ነው” አለና ደብተሩን አሳየኝ። የየቀኑ ገቢ በንጹህ ጽሑፍ ሰፍሯል። ገልበጥ ገልበጥ አደረግኩት። የቤት ኪራይ የለም። የመብራት የለም። ለተሰበረ ጆይስቲክ የወጣው የለም። የገባው ብቻ ነው የተጻፈው።

አልተቆጣሁትም። የጌም ማሽን ሠሪዎችን ሂሳብ አወጣሁና አብረን ተቀመጥን። ለእሱ ያሳየሁትን ነው ለእናንተም የማሳያችሁ። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠራው።

ማርች 2024 ላይ በተዘጋው በጀት ዓመት የፕሌይስቴሽን ሠሪው የሶኒ የጌም ክፍል 4.27 ትሪሊዮን የጃፓን የን ገደማ ሸጠ። ሌላው የጃፓን ጌም ማሽን ሠሪ ኔንቴንዶ 1.67 ትሪሊዮን ገደማ። ልጁ “በቃ፣ ሶኒ በላቸው!” አለ። ቀጥል አልኩት። ወጪው ሲቀነስ ከሥራው የቀረው ትርፍ ለሶኒ 290 ቢሊዮን የን ገደማ ነው። ለኔንቴንዶ 529 ቢሊዮን ገደማ። እስቲ አካፍሉት። ከ100 የን ሽያጭ ሶኒ ጋ 7 የምትጠጋ ስትቀር፣ ኔንቴንዶ ጋ ወደ 32 ቀረች። ልጁ አላመነም። በስልኩ ሁለቴ አካፈለው።

እንዴት ሆነ? ኔንቴንዶ በብዛት የሚሸጠው የራሱን ጌም ነው። ማሪዮ የእሱ ነው፣ ዜልዳም የእሱ ነው። በፕሌይስቴሽን የሚሸጠው ጌም ግን አብዛኛው የሌሎች ሰዎች ሥራ ነው። ከዚያ ለሶኒ የሚቀረው ድርሻው ብቻ ነው፤ በዚህ ንግድ የተለመደው ድርሻ ከመቶ 30 ነው። ማሽኑ ራሱ ደግሞ ሌላ ታሪክ አለው።

ይህንን ታሪክ በደንብ ስሙኝ። ኖቬምበር 2006 ላይ ሶኒ ፕሌይስቴሽን 3ን አወጣ። ዋጋው እንደ ዓይነቱ 499 እና 599 ዶላር ነበር። አይሰፕላይ የሚባል አጥኚ ድርጅት ማሽኑን ፈትቶ ዕቃዎቹን አንድ በአንድ ዋጋ አወጣላቸው። ለመሥራት ብቻ ከ800 ዶላር በላይ እንደሚፈጅ ገመተ። መንዝ ወርዶ በግ ገዝቶ፣ እዚህ ገበያችን ላይ ከገዛበት በታች የሚሸጥ ነጋዴ አስቡ። ሶኒ ያሰበው በኋላ ጌም ሲሸጥ ሊያካክሰው ነበር። ማርች 2007 ላይ ሂሳቡ ሲዘጋ ግን የጌም ክፍሉ ወደ 232 ቢሊዮን የን ከስሯል። ሶኒ ቴሌቪዥንም ካሜራም የሚሸጥ ትልቅ ቤት ስለሆነ ተሸከመው።

ፕሌይስቴሽን 3 በወጣበት በዚያው በኖቬምበር 2006 ኔንቴንዶ ዊ የሚባለውን ማሽን በ249 ዶላር አወጣ። በአቅም ከፕሌይስቴሽን 3 በእጅጉ የሚያንስ ማሽን ነው። ግን ገና ከመጀመሪያው ያተርፍ ነበር፤ በመጨረሻም ከ100 ሚሊዮን በላይ ተሸጠ።

ኔንቴንዶም ግን ሁሌ አልቀናውም። ማርች 2012 ላይ የተዘጋውን ዓመት በኪሳራ ጨረሰ። ቀጥሎ የመጣው ማሽኑ ዊ ዩ የተሸጠው 13 ሚሊዮን ተኩል ገደማ ብቻ ነው። ያኔ የኩባንያው ፕሬዚዳንት የነበሩት ሳቶሩ ኢዋታ የራሳቸውን ደመወዝ ለወራት በግማሽ ቀነሱ። ይህን ሰውዬ ከልቤ አከብራቸዋለሁ። በ2017 የወጣው ማሽን፣ ስዊች፣ ከ150 ሚሊዮን በላይ ተሽጦ ቤቱን አቀናው፤ እሳቸው ግን በ2015 አርፈው ስለነበር ይህንን አላዩም።

ማይክሮሶፍትስ? በ2007 የጌም ማሽኑ ኤክስቦክስ 360 ቀይ መብራት እያበራ በየቤቱ ሲበላሽ፣ ለጥገና ዋስትና ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ መድቧል። በ2021 አንዲት ኃላፊው አሜሪካ ፍርድ ቤት ቀርበው፣ ኩባንያው ከማሽን ሽያጭ አትርፎ እንደማያውቅ መስክረዋል። በ2023 ደግሞ ጌም ሠሪውን አክቲቪዥን ብሊዛርድን በ68.7 ቢሊዮን ዶላር ገዛ። ስንት ማሽን እንደሸጠ ግን ከ2015 ጀምሮ መናገር ትቷል። እኔን ይህ ያናድደኛል። ቁጥሩን የደበቀን ሰው ከሌላው ጋር እንዴት ታመዛዝኑታላችሁ? ሂሳብ የሚዘጋበት ቀንም ይለያያል። ጃፓኖቹ በማርች መጨረሻ፣ ማይክሮሶፍት ጁን 30 ይዘጋሉ። የእኛ ሰኔ 30 ከማይክሮሶፍት በሳምንት ነው የሚዘገየው። ቁጥር ስታወዳድሩ መጀመሪያ ቀኑን እዩ።

አሁን ወደ እኛ ሰፈር እንመለስ። ያ ልጅ ፕሌይስቴሽኖቹን የገዛው ከሌላ ሰው ነው። ከዚያ ሽያጭ ሶኒ አምስት ሳንቲም አላገኘም። እሱ ግን ጥያቄው ከሶኒ ጋር አንድ ነው፤ ማሽን ገንዘብ ይበላል፣ ጨዋታው ይመልሰዋል ወይ?

ያን ማታ በደብተሩ ገጽ ላይ በማስመሪያ ሦስት ዓምድ አሰመርን። ገባ፣ ወጣ፣ ቀረ። ለሁለቱ ማሽኖች ለየብቻ። በወሩ መጨረሻ፣ በር አጠገብ ያለው ማሽን ለጥገና የሚበላው ከሚያስገባው እንደሚበልጥ አየ። ሁሌ ሰው የማይጠፋበት፣ እሱ የሚኮራበት ማሽን ነበር። ሸጠውና በገንዘቡ ለቀሪው ሁለት አዳዲስ ጆይስቲክ ገዛ።

ደብተሩን ዛሬ ይዞት መጥቷል። ያው እዚያ፣ ከኋላ መስኮቱ ጋ ተቀምጧል። ሻይ ስንጠጣ ጠይቁት፣ ያሳያችኋል።