ግንባሬ ላይ ያሉት መስመሮች

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ከረማችሁ?

ሰሞኑን ፊቴን ታጥቤ ቀና ስል ግንባሬን መስታወት ውስጥ አየሁት። ቅንድቤን አላነሳሁ፣ አልተኮሳተርኩ፤ ሦስት መስመሮች ግን ከዳር እስከ ዳር ተጋድመዋል። በጣቴ ወጠር ሳደርጋቸው ይጠፋሉ፣ ስለቃቸው ይመለሳሉ። ታላቅ ወንድሜ አይቶኝ "ይሄ እኮ የልብ ምልክት ነው ይባላል፣ ሳትታይ እንዳትቀር" አለኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደነገጥኩ።

ወሬው ከሜዳ የመጣ አይደለም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2018 ሙኒክ ላይ በተካሄደው የአውሮፓ የልብ ሐኪሞች ጉባኤ፣ ዮላንድ ኤስኪሮል የተባሉ ፈረንሳዊት ተመራማሪ ጥናት አቅርበው ነበር። 3,200 ገደማ ሠራተኞች ለ20 ዓመት ክትትል ተደርጎባቸዋል። የእያንዳንዱ ግንባር እየታየ ከ0 እስከ 3 ነጥብ ተሰጠው፤ 0 ማለት ልሙጥ፣ 3 ማለት ብዙና ጥልቅ መስመር ነው። 2 እና 3 ያገኙት በልብና በደም ሥር ሕመም የመሞት አደጋቸው 0 ካገኙት ወደ 10 እጥፍ ይጠጋ ነበር። ዕድሜ፣ ሲጋራ፣ ግፊትና ስኳር ሁሉ ታስቦበት ነው ይሄ።

10 እጥፍ የሚለውን ሳነብ እጄ ሳላስበው ግንባሬ ላይ አረፈ።

ለምን ይሆን? የግንባር ደም ሥሮች በጣም ቀጫጭን ስለሆኑ የደም ቧንቧ መጠጠር እዚያ ቶሎ ይታይ ይሆናል ይላሉ። ግምት ነው እንግዲህ፣ አልተረጋገጠም። ሲጋራ ደግሞ ቆዳውንም ቧንቧውንም አብሮ ይጎዳል። ፀሐይ ግን ደም ቧንቧ ሳትነካ ግንባርን ታሸበሽባለች። ተመራማሪዎቹም ቢሆኑ መስመር ማየት የግፊትንና የኮሌስትሮልን ምርመራ አይተካም ብለዋል።

እኔን ከመስመሩ ይልቅ ያስጨነቀኝ ልሙጡ ግንባር ነው። ግፊት እኮ ብዙ ጊዜ ምልክት የለውም። ራስ ምታት የለ፣ ድካም የለ፣ ፊት ላይ የሚነበብ ነገር የለ።

የግፊት መለኪያ ይዤ ወንድሜ ጋ ሄድኩ። መጀመሪያ እኔ ተለካሁ፤ 122 በ78። "በል አንተም ክንድህን ስጠኝ" አልኩት። የሱ ግንባር ላይ አንድም መስመር የለም። 158 በ96። ማሽኑ ተሳስቶ ነው አለ። ጀርባውን አስደግፌ፣ እግሩን መሬት አስረግጬ 5 ደቂቃ ዝም ብለን ተቀመጥን። 156 በ95። በማግስቱ ጠዋትም ብዙ አልተለወጠም። ቁጥሩን እያየ ቆየ፣ አንድ ቃል አልተናገረም።

ሐሙስ ቀጠሮ አለው። አብሬው እሄዳለሁ።