«መንስኤው የሠራተኛው ጥንቃቄ ጉድለት ነው» ተብሎ ተዘጋ፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

በዚህ ሳምንት መስመራችን ክፍት የነበረው በፋብሪካ ውስጥ ስለሚደርስ አደጋ ነበር። ከጎንደርና ከዙሪያዋ ብዙ ሰው ደውሏል። የሙያ ደኅንነትና ጤንነት ባለሙያው በአየር ላይ የመለሱትን፣ ሰዓት አጥሯቸው ያልጨረሱትንም ጨምረን አቅርበነዋል። የደዋዮችንም የድርጅቶችንም ስም አላወጣንም።

ጥያቄ፦ ከአዘዞ ነው የምደውለው። ሰሊጥ ማበጠሪያ ውስጥ የሺፍት ኃላፊ ነኝ። በቅርቡ አንድ ልጅ ቺንጋ፣ ማለት ሞተሩ ማሽኑን የሚያዞርበት ቀበቶ፣ ሁለት ጣቱን ቆረጠው። ሪፖርቱ ላይ «መንስኤ፦ የሠራተኛው ጥንቃቄ ጉድለት» ተብሎ ተጻፈና ተዘጋ። ልጁ ግን ጎበዝ ሠራተኛ ነው። ነገሩ አልዋጥልኝ አለ።

መልስ፦ እግዜር ይማረው። ያልተዋጠልዎት እኮ ስለማይዋጥ ነው። «ጥንቃቄ ጉድለት» ምርመራ ይጀመርበታል እንጂ አይዘጋበትም። እስቲ በስልክ እየጠየቅሁ የነገሩኝን በተራ ላስቀምጠው።

ልጁ እጁን የሰደደው ቺንጋው ፑሌጃው (የሚዞረው ጎማ) ላይ በሚጠመጠምበት ቦታ ነው። ለምን ሰደደ? ሰሊጡ ከነገለባው ተጠቅጥቆ ስለነበር ሊጠርገው። ማሽኑን ለምን አላጠፋም? አጥፍቶ ማስነሳት ጊዜ ይበላል፤ ክፍያው ደግሞ በኩንታል ነው። የቺንጋው መከለያስ? ተፈትቶ ግድግዳ ተደግፏል። ለምን ተፈታ? በስምንት ቡሎን የታሰረ ነው፤ መፍቻው ያለው ጥገና ክፍል ነው፤ ማታ ማታ ጥገና ክፍሉ ይቆለፋል። ሰሊጡ ግን በአንድ ሺፍት ሦስት አራት ጊዜ ይጠቀጠቃል። ስለዚህ አንድ ጊዜ ፈቱትና ተዉት። መፈታቱን ማን ያውቅ ነበር? ሁሉም ሰው። ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እርስዎም ጭምር። ለምንስ ይጠቀጠቃል? የመተማና የሁመራ ሰሊጥ ሲጎርፍ ሰሊጡን ወደ ማሽኑ የሚያስገባው መጋቢ ከልኩ በላይ ስለሚከፈት።

ይህን ሁሉ ከደረደርን በኋላ አንድ ጥያቄ እንጠይቅ። ልጁን አንስተን ሌላ ጠንቃቃ ሰው ብናቆም አደጋው ይቀር ነበር? አይቀርም። እሱም ማታ ላይ፣ ሰሊጡ ሲጠቀጠቅ፣ ኩንታሉ ሲቆጠርበት እጁን ይሰዳል። ሰው ተቀይሮም አደጋው የማይቀር ከሆነ መንስኤው ሰውየው አይደለም።

«የሠራተኛ ጥፋት» የሚለው አባባል ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1931 ሄንሪች የሚባል አሜሪካዊ የኢንሹራንስ ባለሙያ ከ100 አደጋ 88ቱ የሚደርሰው ሠራተኛው በሚፈጽመው አደገኛ ድርጊት ነው ብሎ ጻፈ። ቁጥሩ እስከ ዛሬ በየሥልጠናው ይጠቀሳል። በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ግን አጥብቀው ተችተውታል። አንዱ ምክንያት መረጃው በአመዛኙ አለቆች ከሚሞሉት ሪፖርት የተወሰደ መሆኑ ነው። አለቃ ቅጽ ሲሞላ «ጥፋቱ የኔ ነው» ብሎ የሚጽፈው ስንት ጊዜ ነው?

እንግዲህ ምን ይደረግ? መከለያው በማጠፊያ ይሠራ፤ ሲከፈት ሞተሩን የሚያጠፋ ስዊች ይግባለት። መጋቢው ላይ ከዚህ አይለፍ የሚል ማገጃ ይበየድ። ለማጽዳት ማሽኑ የሚቆምበት ደቂቃ ከሠራተኛው ክፍያ አይቀነስ። ብየዳው የግማሽ ቀን ሥራ ነው። የሚከብደው የክፍያው ነገር ነው፤ ሥራ አስኪያጁ ፊት ይዘው መግባት ያለብዎትም እሱን ነው። ሪፖርቱንም እንደገና ጻፉት። ከዚህ በኋላ ደግሞ «ለጥቂት ተረፈ» የሚባለውን ሁሉ በደብተር ያስመዝግቡ። እጅጌው ተይዞ የተቀደደ ሰው ከዚህ ልጅ በፊት እንደነበረ አልጠራጠርም።

ጥያቄ፦ ቀበሌ 18 አካባቢ ትንሽ ዱቄት ፋብሪካ አለኝ። የአደጋ ሥጋት ግምገማ ሠርተህ አምጣ ተባልኩ። አማካሪ ልቅጠር ብል ዋጋው አይቀመስም። ራሴ መሥራት እችላለሁ?

መልስ፦ ይችላሉ። ግን ቢሮ ቁጭ ብለው እንዳይሞሉት። ብዙ ቦታ የማየው ግምገማ ከሌላ ድርጅት የተቀዳ ነው። አንዱ ላይ የባሕር ወደብ ክሬን ተጽፎ አይቻለሁ፤ ጎንደር ላይ!

ስንዴው ከመኪና ከሚወርድበት ይጀምሩ፤ ዱቄቱ ተጭኖ እስከሚወጣበት ድረስ በእግርዎ ይሂዱ። በየቦታው የሚሠራውን ሰው «እዚህ ጋ ምን ያስፈራሃል? ባለፈው ለጥቂት የተረፍከው መቼ ነው?» ብለው ይጠይቁት። ፎርማኑ ባለበት አይጠይቁት፣ አይናገርም። ማታም አንድ ጊዜ ይሂዱ። የማታው ፋብሪካ ሌላ ፋብሪካ ነው፤ ሰው ይደክመዋል፣ አምፖሉ ተቃጥሏል፣ ጥበቃው ማሽን ሲያግዝ ያገኙታል።

ከዚያ ላገኙት ለእያንዳንዱ ነገር ሁለት ነገር ይጻፉ። የመድረሱ ዕድል ምን ያህል ነው? ከደረሰስ ምን ያደርሳል? ጣት መላጥና ሞት እኩል አይደሉም። አልፎ አልፎ ብቻ የሚያጋጥም ሆኖ የሚገድል ነገር ከዝርዝሩ ግርጌ መውረድ የለበትም። ከዚያ መፍትሔ። መጀመሪያ የአደጋውን ምንጭ ጨርሶ ማስወገድ ይቻል እንደሆነ ይዩ። ካልሆነ ብዙ በማይጎዳ ነገር ይተኩት። ያም ካልሆነ ይከልሉት። ቀጥሎ የአሠራር ደንብና ሥልጠና ይመጣል። ጓንትና ማስክ መጨረሻ ናቸው። እኛ ጋ ነገሩ ተገልብጦ ጓንት ተገዝቶ ፋይሉ ይዘጋል።

የእርስዎን ቤት ባላየውም ሁለት ነገር ከወዲሁ ልንገርዎ። አንደኛው መብራት ነው። መብራት ሲሄድ ሠራተኛው «አሁንማ ጠፍቷል» ብሎ እጁን ያስገባል። መብራት ሲመጣ ማሽኑ ራሱ ይነሳል። በተራ ማብሪያ ቀጥታ የተገናኘ ሞተር ይህን ያደርጋል። በኮንታክተር (መብራት ሲሄድ ራሱ በሚለቅ ማብሪያ) እና በማስነሻ ቁልፍ የሚሠራ ከሆነ ግን አንድ ሰው መጥቶ ካልተጫነው አይነሳም። ኤሌክትሪሺያንዎን ዛሬውኑ ይጠይቁት። ከዚህም ጋር ማሽን ውስጥ የሚገባ ሰው ዋናውን ማጥፊያ በራሱ ጓጉንቸር ቆልፎ ቁልፉን ኪሱ ይክተት። ጓደኛው ዘንድ አይተወው፣ ሚስማር ላይም አይስቀለው። ጄኔሬተር ካለዎት በዚያም በኩል መቆለፉን አይርሱ።

ሁለተኛው ራሱ ዱቄቱ ነው። ዱቄት ይፈነዳል ስል የሚስቁ ባለሀብቶች አሉ። እ.ኤ.አ. በ1878 ሚኒያፖሊስ ውስጥ አንድ ትልቅ የዱቄት ፋብሪካ ፈንድቶ 18 ሰው ሞቷል። በ2008 ደግሞ እዚያው አሜሪካ፣ ጆርጂያ ውስጥ፣ የስኳር ብናኝ ፈንድቶ 14 ሰው ገድሏል። ጆንያ ውስጥ ያለ ዱቄት አይፈነዳም። አየር ላይ ሲበተን፣ ቤቱ ዝግ ሲሆን፣ ብልጭታ ሲያገኝ ነው። በጣሪያው ብረትና በኬብሉ ላይ የተኛው ብናኝ የባሰ ነው። የመጀመሪያው ትንሽ ፍንዳታ እሱን አራግፎ ሁለተኛውን ትልቁን ያመጣል። ስለዚህ ከላይ ከላይ ያለው ይጠረግ፤ በኮምፕሬሰር አይነፋ። የብረቱ ቀለም በብናኝ ተሸፍኖ ካልታየዎት ከመጠን አልፏል። በያጅ ሲመጣ ማሽኑ ይቁም፣ አካባቢው ይጸዳ፣ ከብየዳው በኋላም ቢያንስ አንድ ሰዓት የሚጠብቅ ሰው ይቁም።

ካስቸገረዎት የጎንደር ዩኒቨርሲቲን ይጠይቁ። ከ1947 ዓ.ም. ጀምሮ የሕብረተሰብ ጤና ባለሙያ ሲያሠለጥን የኖረ ቤት ነው፤ የአካባቢና የሙያ ጤናም ያስተምራል።

ጥያቄ፦ ማራኪ አካባቢ የእንጨትና የብረት ሥራ ቤት ነው የምሠራው። ማሽኑ ሲጮህ ጆሮዬን በጥጥ እወትፋለሁ። ይበቃል?

መልስ፦ አይበቃም፣ እህቴ። ተራ ጥጥ ድምፅን እምብዛም አይከለክልም። አንድ ሜትር ርቆ ከቆመ ሰው ጋር ለመነጋገር መጮህ ካስፈለገሽ ድምፁ ከ85 ዴሲቤል በላይ ሊሆን ይችላል። በዚያ መጠን በቀን ስምንት ሰዓት ለዓመታት መቆየት ጆሮን ይጎዳል፤ የተጎዳው ደግሞ አይመለስም። ለጆሮ የተሠራውን መወተፊያ አሠሪሽ ይግዛልሽ። ከዚያ በፊት ግን መጋዙ የተላላ ቡሎን እንዳለው ይታይ። የሚንቀጠቀጥ ማሽን ጩኸቱ ይብሳል።

ጥያቄ፦ የፋብሪካ ፍሳሽ ጉድጓድና ታንከር እናጸዳለን። አለቃችን ሻማ ለኩሰን በገመድ እናወርዳለን፣ ካልጠፋ ግቡ ይለናል። ልክ ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሻማ ይዘህ ወደዚያ ጉድጓድ እንዳትጠጋ። የምንተነፍሰው አየር 21 በመቶ ገደማ ኦክስጅን አለው። ከ19.5 በታች ከሆነ መግባት የለብህም። ሻማው የሚጠፋው ግን ወደ 16 ወይም 17 ሲወርድ ነው። ሻማው ቦግ ብሎ እየበራ አንተ ልትዳከም ትችላለህ ማለት ነው። መርዛማውን ጋዝማ ጭራሽ አያውቀውም። ከፍሳሽ የሚወጣው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ መጀመሪያ የበሰበሰ እንቁላል ይሸታል። ሲበዛ ደግሞ አፍንጫን ያደነዝዛል። ሽታው ጠፋ ብለህ ስትገባ ትወድቃለህ። ሚቴን የሚባለው ተቀጣጣይ ጋዝ ካለ ደግሞ ሻማው ራሱ እሳት ይለቃል።

ጋዝ መለኪያ መሣሪያ ያስፈልጋል። ከላይ፣ ከመሐልና ከታች ይለካ። ማናፈሻ ንጹሕ አየር እየነፋ ይቆይ። የሚገባው ሰው ማንጠልጠያ ቀበቶ ለብሶ፣ ገመዱ በላይ ካለ መጎተቻ ጋር ታስሮ፣ ጉድጓዱ አፍ ላይ ከቦታው የማይነቃነቅ ሰው ቆሞለት ይግባ። ቢራም ጠላም ከሚብላላበት ትልቅ በርሜልና ታንከር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። ከአየር ይከብዳልና ታች ይተኛል፤ ሽታም የለው።

አሁን የሚከብደውን ልንገርህ። ጓደኛህ ውስጥ ቢወድቅ ተከትለህ አትግባ። ይህን ስል የጎንደር ልጅ ደሙ እንደሚፈላ አውቃለሁ። «ወንድሜ ሲሞት ቆሜ ልይ?» ትለኛለህ። ግን በእንዲህ ያለ ጉድጓድ ሁለት ሦስት ሬሳ የሚወጣው ብዙ ጊዜ ሊያድኑ የገቡት ተጨምረው ነው። እሱን የጣለው አየር አንተንም በሁለት ትንፋሽ ይጥልሃል። ሲገባ የታሰረበት ገመድ ካለ ከላይ ሆነህ ትጎትተዋለህ። ለዚህ ነው ገመዱ ከመግባቱ በፊት የሚታሰረው። መለኪያና ገመድ የለም ከተባልክ አልገባም በል፤ ብቻህንም አትበል፣ ተሰብስባችሁ በሉ።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ሥራ ላይ ጆንያ ተንዶበት ወገቡን ተጎድቷል። ድርጅቱ የአንድ ወር ደመወዝ ከፍሎ «ከዚህ በላይ አይመለከተንም» አለ። እውነት ነው?

መልስ፦ እግዜር ይማርልሽ፣ እታለም። እውነት አይደለም። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት በሥራ ላይ የደረሰ ጉዳት አሠሪው ጥፋት ባይኖረውም እንኳ ኃላፊነቱ የሱ ነው። የሕክምናውን ወጪ ይሸፍናል። ባለቤትሽ መሥራት እስካልቻለ ድረስ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት ሙሉ ደመወዙን፣ ቀጣዮቹን ሦስት ወራት ከ75 በመቶ የማያንስ፣ ከዚያ በኋላ ያሉትን ስድስት ወራት ከ50 በመቶ የማያንስ ይከፍላል። ዘላቂ የአካል ጉዳት ከቀረም የሚታሰብ ካሳ አለ።

አሠሪው ሊከራከርበት የሚችለው ቀዳዳ ጠባብ ነው። ሠራተኛው ሆን ብሎ ራሱን ጎድቶ እንደሆነ ነው። በግልጽ የተሰጠውን የደኅንነት ትእዛዝ መጣስ፣ ወይም ራሱን መቆጣጠር እስኪያቅተው ሰክሮ ሥራ መግባት ሆን ብሎ እንዳደረሰው ይቆጠራል። «ጥንቃቄ ጉድለት ነው» የሚለው ብቻውን አይበቃውም። አንቀጽ 92 ደግሞ አሠሪው ሠራተኛውን ስለ ሥራው አደጋ እንዲያሠለጥን፣ አደጋውን መዝግቦ ለተቆጣጣሪ እንዲያሳውቅ ያስገድደዋል። መዝግቦ እንደሆነ ጠይቂ።

የሐኪም ወረቀቱን ኮፒ አድርጊና ዋናውን ለማንም አትስጪ። ጆንያው ሲናድ የነበሩትን ሰዎች ስምና ስልክ ዛሬውኑ ጻፊ፤ ሰው ሥራ ይቀይራል፣ ይረሳልም። ሠራተኛ ማኅበር ካላቸው በማኅበሩ በኩል፣ ከሌላቸው ራስሽ ወደ ከተማው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ተቆጣጣሪ ሂጂ። «ይህን ፈርሙና ትንሽ ብር እንስጣችሁ» ካሉሽ ወረቀቱን ለሚያውቅ ሰው ሳታስነብቢ አትፈርሚ።