ዘይት ላይ የተሳለ ምስል

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ። ዛሬ ብቻዬን ነኝ፤ የማወራችሁም ስለ ዘይት ነው።

ትናንት ማታ መጥበሻ ላይ ዘይት አፍስሼ ሲሞቅ እያየሁ ነበር። የኩሽናው አምፖል ዘይቱ ላይ ያበራል። ዘይቱ ትንሽ በተርገበገበ ቁጥር ብርሃኑ ይሰባበራል። ወዲያው ፍሪትዝ ፊሸር ትዝ አለኝ።

ፊሸር ዙሪክ ውስጥ፣ በስዊዘርላንድ የፌዴራል ቴክኖሎጂ ተቋም ፕሮፌሰር ነበር። ዘመኑ ቴሌቪዥንን ሲኒማ ቤት ለማስገባት ሩጫ የተያዘበት ነው። እ.ኤ.አ. በ1939 ለንደን ላይ የቦክስ ግጥሚያ በቀጥታ ሲኒማ ቤት ታይቷል። ጭንቁ ግን ብርሃን ነበር። ምስሉን የሚስለውም የሚያበራውም ያው አንድ የቴሌቪዥን ቱቦ ነው። አዳራሽ የሚሞላ ብርሃን ከየት ያምጣ? በኋላ አሜሪካ ውስጥ የፊልም ኩባንያው ፓራማውንት ምስሉን ከቴሌቪዥን በፊልም ቀርጾ፣ በአንድ ደቂቃ ገደማ አጥቦ፣ በፕሮጀክተር ያሳይ ነበር። ይሠራል፤ ግን ዙሪያ ጥምጥም ነው።

ፊሸር ሥራውን ለሁለት ከፈለው። ማብራቱን ለኃይለኛ መብራት ሰጠ፤ መሳሉን ለኤሌክትሮን ጨረር። የሚሳለው ደግሞ ዘይት ላይ ነው!

አየር በተመጠጠበት ዕቃ ውስጥ ቀስ ብሎ የሚዞር መስታወት አለ፤ ላዩ ላይ ስስ ዘይት። ጨረሩ ያረፈበት ቦታ ዘይቱ በኤሌክትሪክ ኃይል ይሸበሸባል። የመብራቱ ብርሃን መስታወቱ ላይ የሚያርፈው በዘንጎች በኩል ነው። ዘይቱ ለጥ ካለ ብርሃኑ ተመልሶ ዘንጎቹ ላይ ይቀራል፤ ስክሪኑ ጨለማ ነው። ከተሸበሸበ ግን ብርሃኑ አቅጣጫ ይስትና በዘንጎቹ መሀል ሾልኮ ይወጣል። ሽብሽቡ በጠለቀ መጠን ስክሪኑ ይደምቃል። ከዚያ ዘይቱ ለቀጣዩ ምስል መልሶ ለጥ ማለት አለበት፤ ያውም በሰከንድ ሽርፍራፊ። ይህን ባሰብኩ ቁጥር እገረማለሁ።

መሣሪያው አይዶፎር ይባላል። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1943 ሠራ። ፊሸር በ1947 ሞተ፤ ልቤን የሚነካኝ ይሄ ነው። ባልደረቦቹ ሥራውን አልጣሉትም። በ1952 የፊልም ኩባንያው ትዌንቲየዝ ሴንቸሪ ፎክስ ኒው ዮርክ ላይ በቀለም አሳየው። ሲኒማ ቤቶቹ በሰፊው አልያዙትም። ናሳ ግን ሂዩስተን ላለው የመቆጣጠሪያ ክፍሉ ወሰደው። በአፖሎ የጨረቃ ጉዞዎች ዘመን እነዚያ ባለሙያዎች አንገታቸውን ቀና አድርገው በትልልቁ ስክሪን ያዩት የነበረው የቴሌቪዥን ምስል፣ ዘይት ላይ የተሳለ ነው።